ቅቤ የጠጣው ሞተር

ሞተር ብስክሌታችን ቅቤ ጠጥቶ ታመመ። በዚህ የተነሣ አንድ መንደር ከነከብቱ ተቀየመን። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ መስማት የማይፈልግ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም አልከፋም፤ ማቆም ከቻለ ማለቴ ነው። ማቆም ቀላል ነገር አይደለምና።

ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የሚሮጠውን ነው። ፈረስ ሲጋልብ፣ መኪና አቧራ አስነሥቶ ሲያልፍ፣ ጎረምሳ ሲፎክር ቆመን እናያለን። ባለበት ቆሞ የሚተነፍሰውን ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሞተር የነካ ሰው ይህን ያውቃል። ማስሮጥማ ማንም ያስሮጠዋል። ጥበቡ እጃችሁን ስትለቁለት፣ ማንም ሳይገፋው፣ የሚሄድበት ሳይኖረው፣ ዱድ ዱድ ዱድ እያለ ነፍሱን ይዞ መቆየቱ ላይ ነው። መካኒኮች ይህን ከጣሊያን በተረፈ ቃል ሚኒሞ ይሉታል። ትንሿ ትንፋሽ ብላችሁ ያዙልኝ።

እኔ ያደግሁት ሚኒሞ በሌላቸው ሰዎች መካከል ነው። የሠራ ይበላል፤ የቆመ ይጠፋል። እናትና አባቴን ገና ሳልጠነክር ቀበርሁ። ወረታ ገበያ ላይ ኬሻ ተሸከምሁ። ጀርባዬ ያረፈ ቀን ሆዴ አያርፍም ነበር። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሥራ ያገኘሁት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። የከብት ክትባት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየና አንድ ሰውና አንድ ሞተር ብስክሌት አስቀመጠባት። ሰውየው አቶ ተካ ይባላሉ። ከጎንደር የመጡ፣ ደንደን ያሉ፣ ኮሌታቸው ላይ ጉድፍ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ከብት ሲወጉ እጃቸው አይሳሳትም፤ ሞተሩን ግን እንደ ተራጋጭ በቅሎ ይፈሩታል። ሞተሩ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጌታ እንደለዋወጠ የሚያውቅ የለም። እኔ የጭነት መኪና ሳጥብ፣ ሾፌሮች ሲፈቱና ሲገጥሙ እያየሁ ጥቂት ለቅሜ ስለነበር ነጂ ሆንሁ። አቶ ተካ ከኋላዬ ይቀመጣሉ፤ የመድኃኒቱን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፈው።

መድኃኒቱ በረዶ ውስጥ ካልሆነ ይሞታል። በረዶው ከጎንደር በአውቶብስ፣ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሮ ይመጣል። ወረታ ሲደርስ ግማሹ ውሃ ነው። ሌላው ግማሽ እስኪቀልጥ ድረስ ያለችው ጊዜ የእኛ ናት። ስለዚህ ሁልጊዜ በማለዳ እንወጣለን። ይህቺን ማለዳ የምትባለዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

የምንወጣውም ወደ ፎገራ ሜዳ ነው። የፎገራን ከብት በግንቦት ማለዳ ያላየ ሰው ብዛት የሚባለውን ነገር አላየም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መሬቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ከወዲያ ጣና ያበራል። መጀመሪያ አድማሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላችኋል። ቀረብ ስትሉ የሚንቀሳቀሰው ከብት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ነጭና ጥቁር፣ ጤዛው ላይ እየተነፈሰ። ሞተሩን አጥፍቼ ባየሁት ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ነበር። ካጠፋሁት ግን አይነሣም።

በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ሳይቆሙ ማለፍ የለም። በበቅሎ ያለ ይወርዳል፤ የተሸከመ ያወርዳል። ከዚያ ሰላምታው ይጀመራል። እንዴት ሰነበታችሁ? ከብቱስ? ሣሩስ? ሐይቁ እንዴት ነው፣ ተጠጋ ወይስ ሸሸ? ልጆችስ? አዎን፣ ልጆቹ የሚጠየቁት ከከብቱ በኋላ ነው። ማንም በዚህ አይቀየምም። ከብቱ ደኅና ካልሆነ ልጆቹም ደኅና አይሆኑምና።

እኛ የምንፈራው በሽታ ደስታ ይባላል። የሚያስፈራንን ነገር በደግ ስም መጥራት የአገራችን ልማድ ነው፤ ስሙን ሰምቶ እንዳይቀየመን። ደስታ የገባበት በረት ጠዋት ከብት፣ ከቀናት በኋላ ቆዳ ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ይፋግ ማዶ ታየ ተባለ። ክረምቱ ቀርቧል። ዝናብ ከጣለ የፎገራ ጥቁር አፈር ጎማ ይውጣል፤ ውሃው ሲሞላማ መንገዱ የታንኳ ይሆናል። ከዝናቡ በፊት ሐይቁ ዳር ያሉትን መንደሮች ካልከተብን ያልከተብናቸው አበቃላቸው።

ሞተሩ የታመመው ይኸን ጊዜ ነው።

በሽታው እንዲህ ነው። ነዳጅ እየሰጣችሁት ከሆነ እንደ አንበሳ ያገሣል። እጃችሁን ያላላችሁለት ጊዜ አንዴ ያስላል፤ ይሞታል። ከሞተ በኋላ ለማስነሣት መርገጫውን ስትረግጡ ትውላላችሁ። ላብ ታፈሳላችሁ፤ በረዶው ደግሞ ከእናንተ ጋር ያልበዋል። የሚገርመው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ይድናል። ቆሞ ይተነፍሳል። በማግሥቱ ማለዳ እንደገና ታማሚ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም፤ ወረታ ላይ ለሚያድር ሾፌር ሁሉ አሳየሁ። የሌላ ሰው በሽታ ሐኪም አያጣም። አንዱ እሳት የሚጭረው ካንዴላው ነው አለ፤ አወጣን፤ ጠረግን፤ እንደ ጥርስ ነጣ። ሌላው ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ፤ ጠርሙስ ውስጥ ቀድተን ብናስቀምጠው ከሥሩ ውሃ የለም። ሁሉም ሳይነካት የማያልፋት ግን ሚኒሞውን የምታስተካክለው ቪት የምትባለው ብሎን ነበረች። የሐሙሲቱ ሾፌር ወደ ቀኝ ያዞራታል፤ የጎንደሩ መጥቶ ይህን ያበላሸ ማን ነው ብሎ ወደ ግራ ይመልሳታል። ሁለቱም ረክተው ይሄዳሉ። ሞተሩ እዚያው ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ሜዳው መሐል፣ ቤትም ጭስም በሌለበት፣ አቶ ተካ ከኋላዬ ያሸታሉ።

«የማን ቤት ነው በዚህ ማለዳ ቅቤ የሚያነጥረው?» ይሉኛል።

እኔ የረሃባቸው ሽታ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ውሾች ይከተሉን ነበር። ውሻ ሞተር ይከተላል፤ ያ አዲስ ነገር አይደለም። እነዚህ ግን ሳይጮኹ ነበር የሚከተሉት።

ከሁሉ የከፋው ሰላምታው ነው። ማለዳ ማለዳ ወደ ሩቆቹ መንደሮች ስንሄድ የአያ ውቤን መንደር እናቋርጣለን። አያ ውቤ የዚያ አገር ታላቅ ሰው ናቸው። ሹመት የላቸውም፤ ግን እሳቸው እሺ ያላሉት ከብት ከበረት አይወጣም። ማለዳ መንገድ ዳር ጋቢያቸውን ለብሰው ይቆማሉ። እኔ ካቆምሁ ሞተሩ ይሞታል፤ በረዶውም ይቀልጣል፤ የሩቁ መንደር ይቀራል። እጄን ወደ ራሴ ከፍ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አልፋለሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። አቶ ተካ ከኋላዬ ሆነው እንደምን አደሩ ብለው ይጮኻሉ፤ ቃላቸውን ሞተሩ ይውጠዋል። ሽማግሌው የሚያዩት አቧራና የሁለት ሰው ጀርባ ነው።

አሁን ወደ እትዬ ዘርፌ እንምጣ። እትዬ ዘርፌ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከወረታና ከሐይቁ መካከል ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከብዙ ከብት የተረፈቻቸው አንዲት ላም ናት፤ የቀሩትን ቀደም ሲል ደስታ ወስዶባቸዋል። መንገዱ ላይ ስለሆኑ የመሥሪያ ቤቱን ቤንዚን በቆርቆሮ እሳቸው ዘንድ አስቀምጠን ነበር። ከሰዓት ስንመለስ አንድ አንድ ጣሳ እየቀዱ ይሰጡናል። ቆርቆሮውን ጓዳ ነው የሚያኖሩት። እኛም ጓዳቸውን አናይም፤ ነውር ነው።

የአያ ውቤ መንደር ተራ በደረሰ ቀን፣ ማለዳ እትዬ ዘርፌ ደጅ ስንደርስ የአያ ውቤ መልእክተኛ ቆሞ ጠበቀን። መልእክቱን ሸምድዶታል። እንዳትደክሙ፣ ከብቱ ግጦሽ ወርዷል፤ እኛን ሰላም የማይል ሰው ከብታችንን በመርፌ አይወጋብንም። ይህን ብሎ ሄደ። ዞሮም አላየን።

አቶ ተካ ሣጥኑን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከሣጥኑ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ሂደን ለምን ይቅርታ አንጠይቅም አሉኝ። እኔም ይቅርታ ቆሞ ነው የሚጠየቀው አልኋቸው። ቆመን ሞተሩ ቢጠፋብን እሱን ስናስነሣ በረዶው ያልቃል። መጀመሪያ ይኸ ነገር መቆም ይማር።

ሞተሩን ፈታሁ። እትዬ ዘርፌ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ ሰፌድ አመጡልኝ። ያላየነው አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ውስጥ ያለችው ጂግለር የምትባል ቁራጭ ናስ። ከጥርስ አትበልጥም። መካከሏ ላይ ቀዳዳ አላት። ሞተሩ ቆሞ ሲተነፍስ የሚተነፍሰው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። ሲሮጥ ሌላ ሰፊ በር አለው። ወደ ሰማይ አንሥቼ በአንድ ዓይኔ አየሁባት። ብርሃን የለም። በጥፍሬ ብጭራት ቢጫ ነገር መጣ። አሸተትሁት።

ለአቶ ተካ ሰጠኋቸው። አሸተቱት። ከዚያ ሁለታችንም ወደ እትዬ ዘርፌ ዞርን።

«እትዬ፣ ቤንዚኑ ያለው በምንድን ነው?»

«ቆርቆሮው ሥሩ በልቶት አፈሰሰ። በቅል ገለበጥሁት።»

«በየትኛው ቅል?»

«በመናጫዬ ነዋ። የቀረው ቅል ለእንግዳ የሚሆን አይደለም» አሉ። ቀጥለውም፣ እንዳንጠራጠር ብለው፣ «ደኅና አድርጌ በወይራ አጥኜ ነው» አሉን።

የመናጫ ቅል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በፎገራ ሴት ቅሏን ከእናቷ ትቀበላለች፤ ወይም ስታገባ ታመጣዋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ወተት ተንጦበት፣ ስንት ጊዜ በወይራ ታጥኖ፣ ቅቤው ግድግዳው ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ወተቱን ቶሎ ቅቤ የሚያደርገው ያ ነው። አይዋሱትም። እኅት ለእኅቷ አታውሰውም። ቤንዚን ደግሞ ቅቤ ያየ ጊዜ ያሟሟል። የቅሉን የዘመን ቅቤ ሁሉ አጥቦ ይዞ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ ይተናል፤ ቅቤው ቀዳዳዋ ላይ ይረጋል። እኩለ ቀን ላይ ይቀልጣል። አቶ ተካ የሚያሸቱት ረሃብ አልነበረም። ውሾቹም ትክክል ነበሩ።

አቶ ተካ የተናደዱ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቀስ ብለው፣ ታዲያ ቅሉ እኮ ከእንግዲህ ወተት አይያዝበትም፣ ቤንዚኑ መሬት ላይ ቢፈስ ምን ነበረበት አሏቸው።

እትዬ ዘርፌ የሚመልሱትን ለመፈለግ እንኳ አልቆሙም።

«ያ የሞተሩ ውሃ ከሌለ መድኃኒቱ አይመጣም አላላችሁም? ላሟ ካለች ቅል አይጠፋም።»

ያን ጊዜ ሃያን የተሻገርሁ ልጅ ነበርሁ። ሰው ለእኔም ሆነ ለሌላው የመጨረሻውን ነገር ሲሰጥ አላየሁም፤ ሲነጥቅ ነው ያየሁት። አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ቀጠልሁ። ናሷን በሽቦ መውጋት ልክ አይደለም፤ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። የጭራ ፀጉር ስጡኝ አልሁ። ላሟ በዚያው ሳምንት ወልዳ በረት ውስጥ ነበረች፤ ጥጃዋን እየላሰች። እትዬ ዘርፌ ራሳቸው ነቅለው አመጡልኝ። ናሷን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርሁ፤ ፀጉሩን አስገባሁ፤ ሳብሁ። ወደ ሰማይ አነሣኋት። በዚያች ቀዳዳ አንዲት ነጥብ ሰማይ ታየችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰማይ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ነጥብ የከበደኝ የለም። ጣሊያን የሠራው ብረት ሁሉ፣ የጎንደር በረዶ፣ የአንድ አገር ከብት፣ በዚያች ቀዳዳ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ገጥሜ ረገጥሁት። ተነሣ። እጄን ለቀቅሁ። ዱድ ዱድ ዱድ አለ። እትዬ ዘርፌ እልል ሊሉ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ጠጋ ብለው እንደ ላም ሆድ በመዳፋቸው ነኩት።

ከመሄዳችን በፊት አቶ ተካ ላሚቱን ልውጋት አሉ። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለመንጋ የሚሆን ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ወዲያው ካልተጨረሰ ይበላሻል። ለአንዲት ላም መክፈት የብዙ ቤት ከብት መድፋት ነው። አራሷ ላም ደግሞ እስከዚያ መንደር አትሄድም። ይህን ሲያስረዷቸው እትዬ ዘርፌ አላስጨረሷቸውም። ሂዱ፤ ስትመለሱ ትደርሱላታላችሁ አሉ። ባለቤት ከእንግዳ ቀድሞ አይጎርስም።

ሄድን። ያለን ቤንዚን ያው ቅቤ የሟሟበት ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ እንደገና ይዘጋል፤ ስለዚህ ከቶ ማጥፋት የለብኝም። አያ ውቤ ደጃቸው ላይ ነበሩ። አቆምሁ። ወረድሁ። ሞተሩን ከኋላዬ እንደ ታሰረ በቅሎ ትቼው እጅ ነሣሁ። ሰላምታውንም እኔ ጀመርሁ። እንዴት ሰነበቱ? ከብቱስ? ሣሩስ? ሐይቁስ? ከሣጥኑ ውሃ ይንጠባጠባል፤ አቶ ተካ ከኋላዬ ሲቁነጠነጡ ይሰማኛል፤ ግን ሰላምታ ከተጀመረ አይቆረጥም። ሽማግሌው ቀስ በቀስ መመለስ ጀመሩ። እኔ የምለውን ትተው ግን የሚያዩት ሞተሩን ነበር። ማንም ሳይነካው ይተነፍሳል።

«ዛሬ ምነው ቆመ?» አሉ።

«ታሞ ነበር፣ አያ ውቤ። ቅቤ ጠጥቶ።»

«የማን ቅቤ?»

ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከኋላቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ቆይተው ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ዘርፌ መናጫዋን?» አሉ። «እኅቷ ለምናት የከለከለችውን?»

ከዚያ በኋላ ሰላምታችንም ይቅርታችንም ተረሳ። ወደ ልጆቻቸው ዞረው፣ ዘርፌ ቅሏን የሰጠችለት መድኃኒት ነው፣ ከብቱን አምጡ አሉ። ለጎረቤት መንደርም ላኩ። ወሬው ከእኛ ሞተር ይፈጥናል። ያልጠበቅነው መንጋ ከአራቱም ማዕዘን እየተጋፋ መጣ። እኔ ቀንድ እይዛለሁ፤ አቶ ተካ ይወጋሉ። ኮሌታቸው ላይ የበሬ ለሃጭ ወረደ፤ አላዩትም። ሕዝብ ለመሣሪያም ለመሥሪያ ቤትም ብሎ አልመጣም። ለአንዲት ሴት ቅል ብሎ ነው የመጣ። መንግሥት ያልቻለውን ቅል ሲችለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

አቶ ተካ አንድ ብልቃጥ ለይተው ሣጥኑ ጥግ አስቀምጠው ነበር። የእትዬ ዘርፌ ነው ብለው ሰው ሲለምናቸው እንኳ አልነኩትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስን። እትዬ ዘርፌ ላሟን ደጅ አውጥተው ይዘዋት ጠበቁን። አቶ ተካ ሣጥኑን ከፈቱ። በረዶ የለም። ያለው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ብልቃጧ ተንሳፍፋበታለች። አወጧት፤ በጣታቸው ነኳት፤ ጉንጫቸው ላይ አስጠጓት። ሞቃለች። ቢወጉላቸው ኖሮ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ዘርፌ ደስ ብሏቸው ባደሩ።

«እትዬ፣ ይኸ ሞቷል። ብወጋት ውሃ ነው የምወጋት» አሉ፤ ብልቃጧንም ሰብረው በእሳቸው ፊት መሬት ላይ አፈሰሷት።

እትዬ ዘርፌ የፈሰሰውን ጥቂት አዩት። ከዚያ የላሟን አንገት አሻሽተው ወደ በረቷ መለሷት። ለእኛም እህል ሳትቀምሱ አትሄዱም አሉን።

ሌላ በረዶ እንዲላክ ጎንደር ላክን። በረዶውና ዝናቡ በአንድ ሳምንት መጡ። ዝናቡ ቀደመ። ጥቁሩ አፈር ጎማውን ከነቸርኬው ዋጠው፤ ሞተሩን በሰው ትከሻ አስወጣነው። ክረምቱን ሙሉ ወረታ ተቀምጠን ወሬ ሰማን። ደስታ የርብን ወንዝ ተሻገረ አሉ። እዚህ ቤት ገባ፣ እዚያ ቤት ገባ አሉ። ስለ አያ ውቤ መንደር የሰማነው ከብቱ በሕይወት መቆሙን ነው። ስለ እትዬ ዘርፌ የሚነግረን አላገኘንም። እኛም አጥብቀን አልጠየቅንም።

ጥቅምት ላይ ውሃው ሲሸሽ፣ መንገዱ እንደ ጠና፣ ሄድን። ቤንዚኑ አሁን በአዲስ ቆርቆሮ ነው። ደጃቸው ላይ ቆምሁ። ሞተሩም ቆሞ ተነፈሰ። እትዬ ዘርፌ ወጡ፤ ከስተዋል። ከብቱስ ብሎ መጠየቅ የሰላምታው ሕግ ነው። እኔም አቶ ተካም አፋችንን ከፍተን ዘጋነው።

እሳቸው ግን ሰላምታቸውን አላጓደሉም።

«እንዴት ከረማችሁ?» አሉ። «ሞተሩስ እንዴት ከረመ?»

ደኅና ከርሟል አልኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ከዚያ እኛ ያልጠየቅነውን መለሱልን። ላሟ ነሐሴ ላይ ሄዳለች። ጥጃዋ ግን ተርፋለች። አያ ውቤ ደስታ በተሰማ ዕለት ልጃቸውን ልከው ጥጃዋን በታንኳ ወስደዋት ነበር፤ በተከተቡት ላሞች መካከል፣ አንድ ቀን የዚህን ቤት አንድ ቀን የዚያን ቤት ወተት እየጠጣች ከረመች። በመስቀል ማግሥት መለሷት። ምሰሶው ላይ አዲስ ቅል ተሰቅሏል፤ ገና ነጭ ነው፤ ወይራ ይሸታል፤ ቅቤ ግን አልገባውም። ለዚያ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

እንደገና እንደሚነሣ አውቄ ሞተሩን አጠፋሁት። ሜዳው ጸጥ አለ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የእትዬ ዘርፌና የጥጃዋ ትንፋሽ ነበር።